አዲስ ድግምተኛ እንዴት ይነደፋል፦ ከችሎታ ነጥብ እስከ ጠረጴዛ ሙከራ

ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው በምናብና በዳይስ በሚጫወቱት በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጠረጴዛ ዙሪያ ጥቂት የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የራሱን ድግምተኛ መንደፍ ያምረዋል። አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከድግምቶቹ ዝርዝር ነው፤ እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙከራዎቼን ከዚያው ጀምሬ ሁለቱንም በመንገድ ላይ ጥያቸዋለሁ። ድግምተኛን ከድግምተኛ የሚለየው ለድግምቱ የሚከፍለው ዋጋ ነው፤ እሳት መወርወርማ ዊዛርድና ሶርሰረር የሚባሉት የጨዋታው ድግምተኞች ሁለቱም ይወረውራሉ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከዋጋው ይነሣል፦ ድግምቱ በየትኛው ችሎታ ላይ እንደሚቆም፣ አቅሙ በምን መጠን እንደሚሰፈርለትና መቼ እንደሚያልቅበት ከተወሰነ በኋላ የድግምቶቹ ዝርዝር ቀላሉ ሥራ ይሆናል።

የምጠቀምባቸው ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው አምስተኛው እትም የተወሰዱ ናቸው፤ በ2024 የታደሰው እትም ብዙ ነገር ቢያሻሽልም እዚህ የምንነካቸው ስሌቶች በአመዛኙ እንዳሉ ቆይተዋል። ቃላቱንም አስቀድሜ ልለይ። ተጫዋቾች ክላስ የሚሉትን የገጸ ባሕርይ ዓይነት ሙያ፣ ስፔል ስሎት የሚሉትን፣ ድግምት በተለቀቀ ቁጥር አንዱ የሚያልቀውንና በእረፍት የሚመለሰውን አቅም ደግሞ የድግምት ቋት እላለሁ። የገጸ ባሕርይውን እድገት ደረጃ፣ የድግምቱን ክብደት እርከን ብያለሁ፤ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሁለቱም በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ጀማሪ ተጫዋች ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ የሦስተኛ እርከን ድግምት ይጠብቃል፣ ሲነገረው ደግሞ ያዝናል። ስድስቱ ችሎታዎች ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ ናቸው። አምስተኛውን ጥበብ ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር፤ ሆኖም በጨዋታው ውስጥ ይህ ችሎታ የሚለካው ኮቴ መስማትን፣ የሰውን ሐሳብ ከፊቱ ማንበብንና በዱር ውስጥ አቅጣጫ አለመሳትን ስለሆነ ማስተዋል የሚለው ቃል ይበልጥ ይቀርበዋል።

እስከ መጨረሻው አብሮን የሚዘልቅ ምሳሌ ያስፈልገናልና ቋጣሪ ብዬ የሰየምኩትን ሙያ ከባዶ እንሠራለን። ቋጣሪ ድግምቱን በገመድ ላይ ቋጥሮ የሚያድርና በማግስቱ ቋጠሮውን ሲፈታ ድግምቱ የሚለቀቅለት ሰው ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ ቁጥሩ ምን እንደሚሠራ ማወቅ

የችሎታ ነጥብ ራሱ በጨዋታ መካከል እምብዛም አይጠራም፤ ሥራውን የሚሠራው ከእርሱ የሚወጣው ማስተካከያ ነው። ከነጥቡ ላይ 10 ይቀነሳል፣ ቀሪው ለሁለት ይካፈላል፣ ክፍልፋይ ከመጣም ወደ ታች ይጠጋጋል። ስለዚህ 8 ነጥብ ‑1፣ 10 እና 11 ዜሮ፣ 16 ነጥብ +3፣ ገጸ ባሕርያት በተለመደው መንገድ ሊደርሱበት የሚችሉት ጣሪያ 20 ደግሞ +5 ይሰጣል። ይህ ወጥ ቀመር ሁልጊዜ አልነበረም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት የመጀመሪያው ጨዋታ ስድስቱም ችሎታዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ጥቅም በየራሱ መንገድ የተነገረ ነበር፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ማስተካከያ የመጣው በ2000 ከታተመው ሦስተኛው እትም ጋር ነው። ለንድፍ አውጪ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አንድ ችሎታ በሌላው ሲተካ ምን እንደሚለወጥ በቀላሉ ማስላት ይቻላልና።

ጠላት ድግምቱን ለመመከት ባለ 20 ጎን ዳይስ ወርውሮ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር፣ ማለትም የድግምቱ ገደብ፣ በ8 ላይ የብቃት ጭማሪውና የድግምት ችሎታው ማስተካከያ ተደምረው የሚገኝ ነው። ገጸ ባሕርይው በሠለጠነበት ነገር ላይ የሚደመርለት የብቃት ጭማሪ በአንደኛ ደረጃ +2 ሲሆን በ5ኛ፣ በ9ኛ፣ በ13ኛና በ17ኛ ደረጃ አንድ አንድ እየጨመረ +6 ይደርሳል። ድግምት የሚሠራበት ችሎታው 16 የሆነ ጀማሪ እንግዲህ ገደቡ 8+2+3፣ ማለትም 13 ነው። ለመከላከያው +2 ያለው ጠላት ይህን ለመመከት 11ና ከዚያ በላይ መጣል ስለሚኖርበት ድግምቱ በግማሹ ጊዜ ይይዘዋል። ይኸው ሰው በ4ኛና በ8ኛ ደረጃ የሚያገኘውን ጭማሪ ሁሉ በዚሁ ችሎታ ላይ አውሎ 20 ሲያደርሰው በ8ኛ ደረጃ ገደቡ 16 ይሆናል፤ ያው ጠላት በ100 ውርወራ 65 ጊዜ ይሸነፋል። በገደቡ ላይ የምትጨመር እያንዳንዷ አንድ ቁጥር 5 በመቶ ዋጋ አላት ማለት ነው። ለዚህ ነው አዲስ ሙያ ሲነደፍ ገደብን ከፍ የሚያደርግ ልዩ ችሎታ እንዳይሰጡት አጥብቄ የምመክረው፤ ወረቀት ላይ ትንሽ የምትመስለው +1 በእያንዳንዱ ድግምት ላይ ስለምታርፍ ሌላውን ሁሉ ሚዛን ታስታለች።

ነጥቦቹ የሚገኙበትን መንገድ በተመለከተ፣ ሙያውን የምትፈትኑበት ገጸ ባሕርይ በ27 ነጥብ ግዢ የተሠራ ይሁን። በዚህ አሠራር ሁሉም ችሎታ ከ8 ይነሣል፣ እስከ 13 ድረስ እያንዳንዷ ጭማሪ አንድ ነጥብ ታስከፍላለች፣ 14 በድምሩ 7፣ 15 ደግሞ 9 ያስከፍላል። አራት ባለ 6 ጎን ዳይሶችን ጥሎ ዝቅተኛውን መተው የበለጠ ደስ ይላል፤ አማካዩም ከ12 ጥቂት ከፍ ይላል። ይሁንና በዕድል 18 የወጣለት ተጫዋች ደካማውን ሙያ ጠንካራ አስመስሎ ያሳያችኋል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ድግምቱ የሚቆምበትን ችሎታ መምረጥ

ከጨዋታው ሙያዎች ዊዛርድ በዕውቀት ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጨመረው አርቲፊሰርም እንዲሁ። ክሌሪክ፣ ድሩይድና ሬንጀር በማስተዋል፣ ባርድ፣ ሶርሰረር፣ ዋርሎክና ፓላዲን ደግሞ በግርማ ሞገስ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ነው። ተጠንቶ የሚገኝ ከሆነ ዕውቀት፣ ዝም ብሎ በማዳመጥና ከሚበልጥ ኃይል ጋር በመስማማት የሚገኝ ከሆነ ማስተዋል፣ ከውስጥ ፈልቆ ወይም በውል ተገኝቶ በሰውየው ፈቃድ ኃይል የሚወጣ ከሆነ ግርማ ሞገስ ይስማማዋል። ግርማ ሞገስ የድግምት ምንጭ መሆኑ ራሱ የኋላ ነገር ነው፤ ሶርሰረር በሦስተኛው እትም እስኪመጣ ድረስ የድግምት ወግ ያለው በዕውቀትና በማስተዋል ዙሪያ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ ችሎታው ከድግምቱ ውጭ ምን ይሰጣል? ማስተዋል አድፍጦ የሚጠብቅን ጠላት ለማየት ስለሚያገለግል በየጨዋታው ይጠራል፤ አእምሮን የሚያጠቁ ብዙ ድግምቶችም የሚመከቱት በእርሱ ነው። ዕውቀት ታሪክን፣ ሃይማኖትን፣ የድግምትን ነገር፣ ተፈጥሮንና ምርመራን ቢይዝም በጦርነት መካከል የሚጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ በማስተዋል የሚሠራ ሙያ ሳይከፍል የሚያገኘው ጥቅም ይበልጣል፤ በዕውቀት የሚሠራውን በሌላ ነገር ትንሽ መካስ አግባብ ነው።

ጽናትን የድግምት ችሎታ ማድረግ ብዙዎችን ይፈትናል። ከደሙ የሚከፍል ድግምተኛ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ቁጥሩ አይፈቅድም፤ ጽናት የሕይወት ነጥብን ይጨምራል፣ አንዳንድ ድግምት ጸንቶ እንዲቆይ የሚጠይቀውን ትኩረት ድግምተኛው በቁስል ጊዜ እንዳያጣ የሚጠብቀውም እርሱ ነው፤ በዚህ ላይ ገደቡን ከወሰነ አንድ ቁጥር ሦስት ሥራ ይሠራና ተጫዋቹ የሚመርጠው ነገር ያጣል። የደሙን ሐሳብ ማቆየት የፈለገ ሰው ድግምቱን በሌላ ችሎታ ላይ አቁሞ ዋጋውን ብቻ በሕይወት ነጥብ ያስከፍል።

ለቋጣሪ መጀመሪያ ያሰብኩት ቅልጥፍናን ነበር፤ ሥራው የጣት ሥራ ነውና። ነገር ግን ቅልጥፍና ከመመታት ማምለጥን፣ በጦርነት ቀድሞ መነሣትን፣ ቀስት መወርወርንና ከእሳት መሸሽን አስቀድሞ ይዟል። ስለዚህ ቋጠሮ የሚማሩትና የሚያስታውሱት ነገር ነው በሚል ዕውቀት ላይ አቆምኩት።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ሙያው ስንት ችሎታ እንደሚጠይቅ መቁጠር

ዊዛርድ ዕውቀቱ ከፍ ካለ የቀረውን እንደምንም ይችለዋል። ፓላዲን ግን ለሰይፉ ጉልበት፣ ለድግምቱ ግርማ ሞገስ፣ ከፊት ስለሚቆም ጽናት ይፈልጋል፤ ለዚህ ድካሙ በ6ኛ ደረጃ የግርማ ሞገሱን ማስተካከያ ለራሱም ለአጠገቡ ላሉ ወዳጆቹም የመመከቻ ውርወራ ሁሉ ይጨምራል። ሙያው ሦስት ችሎታ ከጠየቀ እንዲህ ያለ ካሳ ይሰጠው፤ አንድ ብቻ ከጠየቀ ሥጋው ስስ ይሁን።

የቋጣሪን በ27 ነጥብ እንሞክር። ዕውቀት 15፣ ቅልጥፍና 14፣ ጽናት 14፣ ማስተዋል 10፣ ግርማ ሞገስ 10፣ ጉልበት 8 ብንለው 9+7+7+2+2+0 ሆኖ 27 ይሞላል። ከትውልዱ፣ ማለትም ከተወለደበት ዘር፣ ከሚያገኘው ጭማሪ አንዱን ለዕውቀት፣ ሁለቱን ለጽናት ብንሰጥ ሁለቱም 16 ይሆናሉ። ይህ ጤነኛ ገጸ ባሕርይ ነው፤ የሕይወት ነጥብ የሚወሰንበትን የዊዛርድን ባለ 6 ጎን የሕይወት ዳይስ ወደ ባለ 8 ማሳደግ ግን ያስፈራኛልና እዚያው በ6 ላይ ትቼዋለሁ።

የመመከቻ ብቃትን፣ ማለትም የብቃት ጭማሪው የሚታከልባቸውን የመመከቻ ውርወራዎች፣ በተመለከተ መጽሐፉ በግልጽ የማይናገረው፣ በአሥራ ሁለቱም መሠረታዊ ሙያዎች ላይ ግን የሚታይ ሥርዓት አለ። እያንዳንዱ ሙያ ዘወትር ከሚጠሩት ከቅልጥፍና፣ ከጽናትና ከማስተዋል አንዱን፣ አልፎ አልፎ ከሚጠሩት ከጉልበት፣ ከዕውቀትና ከግርማ ሞገስ ደግሞ አንዱን ይወስዳል። ቋጣሪ ቅልጥፍናንና ዕውቀትን ወስዷል። ጽናትን የከለከልኩት በስሌት ነው፦ ትኩረት የሚጠይቅ ድግምት የያዘ ሰው 9 ጉዳት ቢደርስበት 10 መድረስ አለበት፤ +3 ማስተካከያ ብቻ ካለው በ100 ውርወራ 70 ጊዜ ይቋቋማል፣ በ5ኛ ደረጃ የብቃት ጭማሪው ቢታከልለት ግን 85 ጊዜ። ይህን ያህል የማይናወጥ ድግምተኛ ታሪኩንና ጠላቶቹን ለሚያንቀሳቅሰው የጨዋታው መሪ ራስ ምታት ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ የቀኑን ስንቅ መስፈር

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። የተለያዩ ሙያዎችን ቋት ለማነጻጸር አንድ የጋራ መስፈሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱም በጨዋታው ውስጥ አለ። ሶርሰረር ለድግምቱ የተሰጠውን ልዩ ነጥብ ወደ ቋት ሲለውጥ ለአንደኛ እርከን 2፣ ለሁለተኛ 3፣ ለሦስተኛ 5፣ ለአራተኛ 6፣ ለአምስተኛ 7 ይከፍላል። ይህን ዋጋ ይዘን 5ኛ ደረጃ ላይ ያሉ ገጸ ባሕርያትን እንስፈር። ሙሉ ድግምተኛ የሆኑት ዊዛርድና ክሌሪክ አራት የአንደኛ፣ ሦስት የሁለተኛ፣ ሁለት የሦስተኛ እርከን ቋት አላቸው፤ 8+9+10 ሆኖ 27 ይመጣል። ፓላዲን አራት የአንደኛና ሁለት የሁለተኛ እርከን ስላለው 14 ነው፤ ግማሽ ድግምተኛ መባሉ ከቁጥሩ ጋር ይሄዳል። ዋርሎክ ሁለት ብቻ ቋት አለው፤ ሁለቱም ግን የሦስተኛ እርከን ናቸው፣ በሌሊቱ ረጅም እረፍት ብቻ ሳይሆን በቀን መካከል በሚወሰድ አጭር እረፍትም ይመለሳሉ፤ በቀን ሁለት አጭር እረፍት ካገኘ ስድስት ጊዜ ይጠቀምና 30 ይደርሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የዋርሎክ 30 የሚሠራው ቡድኑ ካረፈ ብቻ ነው። የ2014ቱ የመሪዎች መጽሐፍ ከስድስት እስከ ስምንት ግጭትና ሁለት ያህል አጭር እረፍት ያለበትን ቀን ያስባል፤ በአንድ ምሽት ሁለት ግጭት አድርጎ በሚነሣ ጠረጴዛ ላይ ግን ዋርሎክ አጭር እረፍት ሳያገኝ በ10 ነጥብ ይቀራል፣ ዊዛርዱ በአንጻሩ 27ቱን በሁለቱ ግጭቶች ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ለአዲሱ ሙያ ቋት ከመስጠታችሁ በፊት ጠረጴዛችሁ በእውነት ስንት ጊዜ እንደሚዋጋና ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ካለፉት አራትና አምስት ጨዋታዎች ቆጥራችሁ ጻፉ።

ለቋጣሪ የሙሉ ድግምተኛውን 27 ሰጠሁት፤ አከፋፈሉን ግን አጠበቅሁበት። የዛሬው ዊዛርድ ጠዋት ካዘጋጃቸው ድግምቶች የፈለገውን በፈለገው ቋት ይለቃል። ቋጣሪ ግን ረጅም እረፍቱን ሲጨርስ በእያንዳንዱ ቋት ውስጥ የትኛው ድግምት እንደሚገባ አንድ በአንድ ይወስናል፤ የቀደሙት እትሞች ዊዛርዶች እንደሚያደርጉት ማለት ነው። በሦስተኛ እርከን ቋጠሮ ውስጥ የእሳት ኳስ አስሮ ወንዝ የሚሻገርበት ቀን ቢገጥመው ቋጠሮው እንደታሰረ ይውላል።

ይህን ለመሞከር በጠረጴዛው ላይ እውነተኛ ገመድ አስቀመጥኩ፤ ለአንደኛ እርከን አራት ነጭ፣ ለሁለተኛ ሦስት ቢጫ፣ ለሦስተኛ ሁለት ቀይ ክር አሰርኩበት፤ በእያንዳንዱም ላይ የድግምቱ ስም የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ተንጠለጠለች። በሁለተኛው ግጭት ላይ ተጫዋቿ የመጨረሻውን ቀይ ቋጠሮ በሁለት ጣቷ ይዛ ረጅም ጊዜ ቆየች፤ ከጠረጴዛው ዙሪያ ማንም አልተናገረም። በወረቀት ላይ ካሬ በእርሳስ ማጥፋት እንዲህ ያለ ዝምታ አምጥቶ አያውቅም። ሙያው የራሱ የሆነ ዋጋ እንዳለው ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

አምስተኛ እርምጃ፦ ልዩ ችሎታውና ልጓሙ

ጥብቅ ዋጋ የሚከፍል ሙያ በምላሹ ሌላው የማይችለውን መቻል አለበት። ቋጣሪ የቋጠረውን ለወዳጁ አሳልፎ መስጠት ይችላል፤ ወዳጁ በራሱ ተራ ቋጠሮውን ፈቶ ድግምቱን ይለቃል። በመጀመሪያው ንድፌ ላይ የሚሰጠው ቋጠሮ ብዛት አልተገደበም፤ ትኩረቱንም የሚይዘው የፈታው ሰው ነበር። ውጤቱ ለማየት የሚያሳዝን ነበር፦ በ5ኛ ደረጃ አራት ገጸ ባሕርያት ሄስት፣ ስሎው፣ ዌብና ኢንቪዚቢሊቲ የተባሉትን ትኩረት የሚጠይቁ ድግምቶች በአንድ ግጭት ውስጥ አንድ ላይ ያዙ። ወጪው 5+5+3+3፣ ማለትም ከ27ቱ 16 ብቻ ነበር፤ ጠላት ግን ሁለተኛ ተራውን አላየም። አንድ ሰው አንድ ትኩረት ብቻ መያዙ የአምስተኛው እትም ዋና ልጓም ነው፤ እኔ ሳላውቅ ፈትቼዋለሁ።

ማረሚያው ሦስት ዓረፍተ ነገር ሆነ። በአንድ ጊዜ ከገመዱ ውጭ ሊኖር የሚችለው አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው። ማንም ይፍታው፣ ትኩረቱን የሚይዘው ቋጣሪው ነው። ገደቡ በቋጣሪው ዕውቀት ይሰላል፣ ርቀቱ ግን ከፈታው ሰው ይለካል። ለማንኛውም ልዩ ችሎታ እነዚህን ይጠይቁ፦ በአንድ ተራ ከአንድ በላይ ድርጊት ያስገኛል ወይ? ትኩረትን ያልፋል ወይ? በየተራው ቢደጋገም ምን ይሆናል? ለአንዱም መልሱ የሚያሠጋ ከሆነ ልጓሙን በልዩ ችሎታው ጽሑፍ ውስጥ እዚያው ያስገቡት፤ መሪው በፍርዱ ያስተካክለዋል ብሎ መተው በሌላ ጠረጴዛ ላለ ሰው የተበላሸ ዕቃ መስጠት ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የድግምቶቹ ዝርዝር

አሁን ዝርዝሩ ራሱ ይመጣል። አዲስ ድግምት ከመፍጠር ይልቅ ካሉት መምረጥ ይሻላል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የአምስተኛው እትም መሠረታዊ የሕግ ሰነድ በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለተለቀቀ፣ ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ ከእርሱ ወስዶ በአማርኛ ተርጉሞ ማውጣትም ይቻላል። አዲስ የጉዳት ድግምት የግድ ካስፈለገ የ2014ቱ የመሪዎች መጽሐፍ ልክ አስቀምጧል፦ በአንደኛ እርከን ለአንድ ጠላት ሁለት ባለ 10 ጎን ዳይስ፣ ለብዙ ጠላት ሁለት ባለ 6 ጎን፤ በሦስተኛ እርከን ለአንድ ጠላት አምስት ባለ 10፣ ለብዙ ስድስት ባለ 6። የእሳት ኳስን መለኪያ አያድርጉ። እርሱ ስምንት ባለ 6 ጎን ዳይስ የሚጥል፣ በአማካይ 28 ጉዳት የሚያደርስ፣ ከዚህ ልክ ሆን ተብሎ የተሻገረ ድግምት ነው፤ በእርሱ የተለካ ሁሉ ከልክ ያልፋል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ጠረጴዛ ላይ መፈተን

በ1ኛ፣ በ5ኛና በ11ኛ ደረጃ ቢያንስ አንዳንድ ጨዋታ ያጫውቱት፤ በ5ኛና በ11ኛ ያለ ቋት የሚለቀቁት ጥቃቅን ድግምቶች ስለሚበረቱና ትልልቆቹም አዲስ ኃይል ስለሚያመጡ ስንጥቁ የሚታየው እዚያ ነው። በዚያው ጠረጴዛ ላይ በተመሳሳይ 27 ነጥብ የተሠራ ዊዛርድ ይኑር። የሚመዘግቡት ጥቂት ነገር ይበቃል፦ በቀኑ መጨረሻ ስንት ቋት ሳይነካ ተረፈ፣ በስንት ተራ ተጫዋቹ ምርጫ አጥቶ ተቀመጠ፣ በስንት ተራስ ሌሎቹ ተጫዋቾች የእርሱን መጨረስ ጠበቁ።

የእኔ ቋጣሪ በሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች ከዘጠኙ ቋጠሮዎች ሁለት ሁለቱን ሳይፈታቸው አደረ። ተጫዋቿ ስትጠየቅ ፈርታ ያስቀመጠቻቸው አለመሆናቸውን ነገረችኝ፤ ለቀኑ የማይሆን ድግምት ቋጥራባቸው ነበር። ከ27ቱ ነጥብ የደረሳት እንግዲህ 21 ያህል ብቻ ነው፤ ጥብቀቱ ከታሰበው በላይ አስከፍሏታል። ቋት ብጨምር ኖሮ የዊዛርድን ሚዛን ባለፈ ነበር። ስለዚህ በንድፉ ላይ አንድ ሕግ ታከለ፦ ቋጣሪ በአጭር እረፍት ጊዜ አንድ ያልተፈታ ቋጠሮ አላልቶ በዚያው እርከን ሌላ ድግምት መልሶ ሊቋጥርበት ይችላል። በአራተኛው ጨዋታ ከእኩለ ቀን እረፍት ሲነሡ ተጫዋቿ ከአንዱ ቢጫ ክር ላይ ወረቀቷን አውርዳ ሌላ ሰቀለች፤ በመሸ ጊዜ በገመዱ ላይ የቀረው አንድ ነጭ ቋጠሮ ብቻ ነበር።